ከትንሿ ሳጥን የወጣ ትልቅ ድምፅ

ኒቆዲሞስ ዘውዴን ፈልገው ሐረር፣ ሐኪም ጋራ ወደሚባለው ተራራ የሚወጡ ሙዚቀኞች ስቱዲዮው እንደገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስፒከሩ የት እንዳለ ነበር። በስልካቸው የሰሙት ጊታር አዳራሽ የሚሞላ ድምፅ ስላለው፣ ሰው የሚያክል ስፒከር እናያለን ብለው ነው የሚመጡት። ኒቆዲሞስ ፈገግ ይልና ጥግ ላይ ያለውን ብርድ ልብስ ይገልጣል። ከሥሩ የምትወጣው ሕፃን ልጅ እንደሚታቀፍ ታቅፈው የሚያነሷት የዋንዛ ሳጥን ናት። ውስጧ ያለው ስፒከር ከአሮጌ ሬዲዮ የተፈታ ሲሆን ከሾርባ ሳህን አይበልጥም። ብዙዎቹ ይቀልድብናል ብለው ያስቡ ነበር፤ ቁጭ ብለው ሲሰሙ ግን ድገምልን ይላሉ።

ኒቆዲሞስ የደሴ ልጅ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ለአንድ የወታደር ኦርኬስትራ ጊታር ተጫዋች ሆኖ ተቀጠረና ሐረር መጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መድረክ ላይ የሚቆምባት ቦታ አንድ ነበረች፤ ከኋላው ትራምፔቶቹ፣ በቀኙ ድራሙ፣ በግራው ቁም ሣጥን የሚያክል ስፒከር። ከመድረክ ሲወርድ ጆሮው ውስጥ ፉጨት ይሰማዋል። ጠዋት ሲነሳ ስለሚተወው ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ኦርኬስትራው ሲበተን ዕቃው ሁሉ መጋዘን ገባ፤ የራሱ የሆነው ጊታሩ ብቻ ነበር። ያኔ አስተማሪዋን ለተማርያምን አግብቶ፣ ሐረርን አገሬ ብሎ ስለነበር ወደ ደሴ አልተመለሰም።

ለሥራ ሐኪም ጋራ ላይ የተከራያት ክፍል ከአከራዩ መኝታ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ትዋሰናለች። እዚያ ከፍ አድርጎ መጫወት የማይታሰብ ነው። በግንብ በታጠረው ጁገል ውስጥ ሬዲዮ የሚጠግነው ጓደኛው ዓሊዪ፣ ቢያንስ ለራስህ ትሰማበታለህ ብሎ ያንን ስፒከር ሰጠው። አንድ ቀን ኒቆዲሞስ በቀስታ እየተጫወተ፣ ማይኩን ከስፒከሩ የሚንቀጠቀጥ ወረቀት ሁለት ጣት ያህል ብቻ አርቆ ቀዳው። መልሶ ሲያዳምጠው ደነገጠ። ክፍሉ ውስጥ እንደ ትንኝ ጢዝ ይል የነበረው ጊታር ደረት የሚገፋ ድምፅ ሆኖ ወጣ። በኋላ ለሚጠይቀው ሁሉ የሚያስረዳው እንዲህ እያለ ነበር፦ ማይክ ክፍሉን አያውቅም፣ የሚያውቀው አጠገቡ ያለውን ወረቀት ብቻ ነው። ትልቁ ስፒከር ቀስ ብለህ ስትጫወትበት ይተኛብሃል፤ ትንሹ ግን በዚያችው ጉልበት ያለውን ሁሉ ይሰጥሃል።

ቀሪው ማይኩን የማስቀመጥ ሙያ ነው። የስፒከሩ መሐል ቀጭንና ስለታም ድምፅ ያወጣል፤ ወደ ጠርዙ ሲሄዱ ድምፁ እየወፈረ፣ እየለሰለሰ ይመጣል። የግማሽ ጣት ፈቀቅታ ዘፈኑን ሌላ ያደርገዋል። ኒቆዲሞስ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ማይኩን በጥፍሩ ገፋ ገፋ እያደረገ ቦታውን ይፈልጋል። ሲያገኘው ስፒከሩን በሸፈነው ጨርቅ ላይ በማርከር ነጥብ ያደርግና ከጎኑ ዓመተ ምሕረቱን ይጽፋል። ከዚያ አንዱን ዜማ ሁለት ጊዜ ይጫወትና አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ያስቀምጠዋል። የሐረርና የድሬዳዋ የሠርግ ዘፋኞች፣ ከድሬ ጠያራ ድረስ የሚመጡ የኦሮምኛ ዘፋኞች፣ አሥር ዓመት ያህል እዚያች ክፍል ውስጥ ተራ ይጠብቁ ነበር።

ከዚያ ሰው መቅረት ጀመረ። መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው። መንገድ ላይ ሲያገኙት ግን አክብሮታቸው አልጎደለም፤ ከሩቅ ጎንበስ ይላሉ፣ ጤናውን ይጠይቃሉ። ኒቆዲሞስ ምክንያቱን ለራሱ ሰጠ። ዛሬ ጊታር በኮምፒውተር ይሠራል፣ የእጅ ሥራ የሚፈልግ የለም፣ ዘመኑ ተለወጠ አለ። ለተማርያምም እንደዚያ ነው የሚሆነው አለችው። ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ መክፈቱን፣ ስልክ ሲጠራ አለማንሳቱን አይታ ነበር። ዕድሜ ነው ብላ ተወችው።

ባለፈው ዓመት ናፊያ መጣች። ናፊያ ሠርግ ላይ በሐረሪኛ የምትዘፍን፣ ሥራዋን ገና በሃያ ዓመቷ እሱ ዘንድ የጀመረች ሴት ናት። ለሞተው አባቷ የደረሰችውን ዘፈን ይዛ ነበር። ኒቆዲሞስ ሦስት ሳምንት ሠራላት። የመጨረሻውን ቀረጻ ሲያሰማት አቀርቅራ ቆየችና «ጥሩ ነው፣ ጋሽ ኒቆ፤ አላህ ይስጥልኝ» አለችው። ለእሱ በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ የሚበልጠው ያ ነበር። ቤቱ ገብቶ ለለተማርያም፣ ከእንግዲህ ሌላ ባልሠራም አይቆጨኝም አላት።

ዘፈኑ ወጣና ሰው ወደደው። ኒቆዲሞስ የሰማው ሸዋ በር፣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ቤዙንና ድራሙን ሰማ፣ የናፊያንም ድምፅ ለየ። የጊታሩ መግቢያ ግን እሱ የተጫወተው አልነበረም። እሱ ከላይ ይጀምርና ይወርዳል፤ ይሄኛው ከታች የሚነሳ ነው። ሚኒባሱ ሳይንቀሳቀስ ወረደና በእግሩ ወደ ጁገል፣ ወደ ናፊያ ቤት ሄደ።

ናፊያ ስታየው ለምን እንደመጣ ገባት። ጫማውን አውልቆ ምንጣፍ የለበሰው መደብ ላይ እስኪቀመጥ ጠበቀች። 

«ጊታሩ የኔ አይደለም» አላት።

«አይደለም። ድሬዳዋ ሌላ ሰው እንደገና ተጫወተው።»

«ምን አጠፋሁ?»

ናፊያ የሻሿን ጫፍ እየጠቀለለች ቆየች። «እጅዎ ምንም አላጠፋም፣ ወላሂ። ድምፁ ነው። ጆሮ ይወጋል። እናቴ ስትሰማው አጥፊልኝ አለችኝ።»

«ታዲያ ጥሩ ነው አላልሽኝም?»

«ምን ልበል? ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚልዎት፤ ሦስት አራት ዓመት ሆነው።»

ሰው ሁሉ ማን ማን እንደሆነ ጠየቃት። ልትነግረው አልፈለገችም፤ እሱ ግን አልተነሳም። በመጨረሻ ስም በስም ቆጠረችለት። ከስሞቹ አንዱ የዓሊዪ ነበር። ናፊያ እያለቀሰች አፉ ይበሉኝ አለችው። ኒቆዲሞስ ራሱን ነቀነቀና ጫማውን አድርጎ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ስቱዲዮውን ከፍቶ ሳጥኗን መስኮት አጠገብ አስቀመጣት። ጨርቁ ላይ የነበሩትን ነጥቦች ለመጀመሪያ ጊዜ በቅደም ተከተል አያቸው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጠርዙ ጋ ተሰብስበዋል። ከ2006 ጀምሮ ነጥቦቹ በየዓመቱ ወደ ውስጥ ይሄዳሉ፤ የናፊያው ነጥብ ልክ መሐሉ ላይ ነው። ጆሮው ቀጭኑን ድምፅ እያጣ በሄደ ቁጥር፣ እሱ ማይኩን ስለቱ ወዳለበት ሲገፋ ኖሯል። ድምፁ ጎደለ ብሎ ሲጨምር፣ ሌላው ሰው የሚሰማው የምላጭ ድምፅ ነበር።

ለተማርያምን ጠራትና አንድ አሮጌና አንድ አዲስ ሥራውን አሰማት። ቀና እያለ ፊቷን ያይ ነበር። አሮጌውን እስኪያልቅ ሰማች፤ አዲሱ ገና ሲጀምር ማዳመጫውን ከጆሮዋ አነሳች። አስተማሪ ነሽና እንዳታባብዪኝ አላት። አላባበለችውም፤ ይሄኛው ያማል አለችው። ከዚያ አጠገቡ ተቀምጣ እጁን ያዘች። ኒቆዲሞስ እጁን አላነሳም፤ ግን አልጨበጣትም።

ሐኪሙ የጆሮውን መስማት በመሣሪያ ለክቶ በወረቀት አሳየው። መስመሩ እስከ ግማሽ ድረስ ደኅና ይሄድና ገደል እንደገባ ይወርዳል። የሞተው አይመለስም፣ የመስሚያ መሣሪያ ግን ለንግግር ይረዳዎታል ተባለ። መሣሪያው ንግግሩን በርግጥ አቀረበለት። ጊታሩን ግን ቆርቆሮ አደረገበት። ሁለት ወር ሞከረና መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ዓሊዪ ቤቱ ድረስ መጣ። ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሐኪም ጋራ ወጥቻለሁ፣ በሩ ላይ ስደርስ ግን እየተውኩት ተመለስኩ አለ። ኒቆዲሞስ አልተቆጣውም። ሻይ ጠጡ፣ ስለ ጫት ገበያና ስለ መብራት አወሩ። ዓሊዪ ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ የሙዚቃ ነገር ግን አይነሳም።

ሥራውን ወዲያው አልተወም። ፍፁም የሚባል የባንክ ሠራተኛ የራሱን ዘፈን ሊያስቀዳ ሲመጣ፣ ኒቆዲሞስ በጆሮው መፈለጉን ትቶ ማይኩን በማስመሪያ ለክቶ በ2001 ነጥብ ላይ አስቀመጠው። ለእሱ ጊታሩ ጨርቅ ውስጥ እንደታፈነ ሆኖ ነው የተሰማው። ፍፁም ግን ሰምቶ ግሩም ነው አለ። ኒቆዲሞስ እውነቱን ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። እውነቴን ነው አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጠየቀው። ሦስተኛው ላይ ፍፁም ግራ ገባው።

«ጋሽ ኒቆዲሞስ፣ ምን እንድልዎት ነው የሚፈልጉት?»

ኒቆዲሞስ ማዳመጫውን አውልቆ አስቀመጠ። ሥራው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ማይኩ የተቀመጠው በደኅናው ዘመን ነጥብ ላይ ነውና። ነገር ግን ናፊያም ጥሩ ነው ብላው ነበር፤ ከእሷ በፊት የመጡትም ሁሉ እንደዚያው። ሰው ፊት ለፊቱ ቆሞ ግሩም ነው ሲለው አፉን እያየ ይቀራል እንጂ ቃሉ አይገባውም። የፍፁምን ዘፈን ጨረሰለትና ከዚያ በኋላ ማንንም አልተቀበለም። በሚቀጥለው ወር ክፍሉን ለአከራዩ አስረከበ። ድምፅ እንዳይወጣ ግድግዳው ላይ ሰቅሏቸው የነበሩትን ብርድ ልብሶች ለተማርያም አጥባ ለጎረቤት ሰጠች። ክፍሉ አሁን የፕላስቲክ ዕቃ ማከማቻ ነው።

ጊታሩ ቤት ነው ያለው። በቀደም እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለተማርያም አጠገቡ አምጥታ እስቲ ለኔ ተጫወትልኝ አለችው። ስታገቢኝ ጊዜም ተጫወት እያልሽ ትነዘንዢኝ ነበር እያለ ክሩን አጠበቀ። ጣቶቹ ዛሬም አይስቱም። ለረጅም ጊዜ ተጫወተ፤ ቀጫጭኖቹን ክሮች ሲነካ የሚሰማው የጥፍሩ ኳኳታ ብቻ ነበር። ሲጨርስ ለተማርያም ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ እንዴት ያምራል አለችው።

ኒቆዲሞስ ፊቷን ትኩር ብሎ አየው። አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ትዳራቸው ውስጥ ዋሽታው አታውቅም፤ እሱም ይህን ያውቃል። ግን ሊያምናት አልቻለም። «እሺ» አላትና ጊታሩን ወደ ሣጥኑ መለሰው።