ነገ ፈተናዬም አለ፣ የአስቴር ቀብርም አለ

ዛሬ ጠዋት ለአስቴር በቴሌግራም አንድ ጥያቄ ልኬላት መልሷን እየጠበቅኩ ነበር። ዘገየች። አልተነሳችም ይሆናል ብዬ ማንበቤን ቀጠልኩ። ከዚያ ወንድሟ ደወለና አስቴር አረፈች አለኝ።

"የቷ አስቴር?" አልኩት። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው። ከሷ ሌላ አስቴር የምትባል ሰው አላውቅም።

ታማ መተኛቷን አውቅ ነበር። ትናንት ግን ራሷ በድምፅ "ደህና ነኝ፣ አንተ ብቻ አንብብ" ብላኛለች። ድምፁን ደጋግሜ ከፍቼ ሰማሁት። ሊሞት ያለ ሰው እንዲህ አይቆጣም።

ለማታውቋት ልንገራችሁ። አስቴር በሚዛን በኩል ያለችው የሸዋ ቤንች ልጅ ናት፤ የተዋወቅነው እዚህ ቴፒ ቀያሽ ሆና ስትሠራ ነው። እኔ በቅየሳ ተመርቄ ሥራ አጥቼ በእናቴ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ተጎልቼ ነበር። አንድ ቀን የመጋረጃ ጨርቅ ልትገዛ መጣች። ስለካላት እያየችኝ "እጅህ ጥሩ ነው፣ ምን ተማርክ?" አለችኝ። ስነግራት መጋረጃውን ረሳችው። ለካ የጂኦማቲክስ ኢንጂነሪንግ ማስተርስ መግቢያ ፈተና ልትፈተን አስባ አብሯት የሚያነብ ሰው አጥታ ኖሯል። "ከነገ ጀምሮ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ" ብላኝ ሄደች። ትፈልጋለህ ወይ ብላ እንኳን አልጠየቀችኝም።

ጥናታችን እንግዲህ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሆነ፣ በጣቃው መሀል። የሷ አጠናን ደግሞ ለብቻው ነው። አንድ ምዕራፍ በጨረስን ቁጥር መጽሐፉን ትዘጋና እናቴን ትጠራታለች። ያነበብኩትን ለእናቴ በአማርኛ፣ አንድም የፈረንጅ ቃል ሳልጨምር ማስረዳት አለብኝ። "እማ ካልገባት አንተም አልገባህም" ነበር አባባሏ። እናቴ መቀሷን ይዛ ቁጭ ትላለች፣ እኔን ላብ ያጠምቀኛል። ሲያቅተኝ አስቴር በቤንችኛ ትቆጣኛለች። ምን አልሽ ስላት "ፎርሙላ ነው" ትለኛለች።

አንድ ቀን ስህተት የሚስተካከልበት ምዕራፍ ደረሰ። "እማ፣ አንድ ማሳ ዙሪያውን እየለካሽ ዞረሽ ስትመለሺ መነሻሽ ላይ ልክ አታርፊም፣ ትንሽ ትስቻለሽ። ያችን ስህተት ለሁሉም መስመር እንደየርዝመቱ ታካፍያለሽ" አልኳት።

"የትኛው እንደሳተ ሳታጣሩ?"

"አይታወቅማ።"

"ያላጠፋውም ይካፈላል?"

"አዎ።"

እናቴ መቀሷን አስቀመጠችና "እንዲህማ ከሆነ የተማርከው ቅየሳ አይደለም፣ ሽምግልና ነው" አለችኝ። አስቴር ጣቃው ላይ ተደፍታ ሳቀች። እንባዋን እየጠረገች "ገብቷታል፣ ቀጥል" አለች። ከዚያ ወዲህ ያንን ምዕራፍ ሽምግልና ነበር የምንለው።

በራሷ ስትስቅ ደግሞ ይብስባት ነበር። ሥራ እንደጀመረች የአንድ ሽማግሌ የቡና መሬት ለክታ ካርታ ላይ አስቀመጠችው። የድሮው ካርታችንና ጂፒኤሱ ከተለያየ መነሻ እንደሚቆጥሩ ረስታ፣ ቁጥሩን ሳትቀይር። የሰውየው ቡና ሄዶ ወንዝ ውስጥ ገባ። ሽማግሌው ካርታውን አገላብጠው አዩና "ልጄ፣ ቡናዬን ዓሣ ነው እንዴ የሚለቅምልኝ?" አሏት። ይህንን ስታወራ ድምፃቸውን ሳይቀር ታስመስል ነበር። እኔ ፈተና ላይ ስለ ካርታ መነሻ የሚጠይቅ ሲመጣ ዓሣው ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ፈታኙ ገላመጠኝ። እሱን ጥያቄ አልሳትኩትም።

ሌላውን ሳትኩ እንጂ። አስቴር አለፈች፣ እኔ ወደቅኩ። የራሷን ውጤት አይታ ሳትጨርስ የኔን ነው የጠየቀችኝ። ስነግራት "እንግዲህ ደግመህ ትፈተናለህ" አለችና ሄደች። ተማረች። መመረቂያ ጽሑፏን በዚሁ በኛ አገር የቡና ጫካ ላይ ሠራች፣ ሚዛን ተመልሳ ሥራ ገባች። የፈለገችውን አግኝታ ነው የሄደችው። ይህንን ሳስብ ዛሬም ቢሆን ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም።

እኔ ግን ነገሩን እርግፍ አድርጌ ትቼው ነበር። ዘንድሮ ተመዝገብ ብላ የጨቀጨቀችኝ እሷ ናት። ሆስፒታል ተኝታ እንኳን ጥያቄ በድምፅ ትልክልኝ ነበር።

ፈተናው ነገ ነው፣ ጠዋትም ከሰዓትም። ቀብሯም ነገ ነው፣ ሸዋ ቤንች።

ቀብር መቅረት በኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የወንድሟን ስልክ እንደዘጋሁ መናኸሪያ ልሄድ ተነሳሁ። ከእንግዲህ ፈተናው ምን ያደርግልኛል ብዬ። እናቴ በሩ ላይ ቆመችብኝ። አልቅሳ ዓይኗ ቀልቷል።

"ቁጭ በል። እኔ እሄዳለሁ" አለችኝ። "አንተ መቃብሯ ላይ ቆመህ ምን ልትላት ነው? ፈተናውን ትቼ መጣሁልሽ ልትላት ነው?"

ተመልሼ ተቀመጥኩ። እናቴ ሱቁን ዘግታ፣ ሻሿን አስራ ከሰዓት በመኪና ወጣች። አሁን ደርሳለች።

አስቱዬ፣ ነገ ስትቀበሪ እኔ የለሁም። ይህንን መጻፍ ከብዶኛል፣ ግን እንደማትቀየሚኝ አውቃለሁ። እማ እናትሽ አጠገብ ተቀምጣለች፤ የኔንም ድርሻ ታለቅስልሻለች። አላህ ለእናትሽና ለወንድምሽ ሶብሩን ይስጣቸው። ከዚያ ሱቅ ጎትተሽ ስላወጣሽኝ አመሰግንሻለሁ፤ በሕይወት ሳለሽ በደንብ ነግሬሽ አላውቅም።

ከፈተና የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው "ምን ምን መጣ?" ተብሎ ነው። ከነገ ወዲያ መቃብርሽ ድረስ መጥቼ ምን ምን እንደመጣ እነግርሻለሁ። ደህና ሁኚ፣ እህቴ።