ሳላነብ የመረቅሁት ብሎግ

በዚያ ጠዋት የአንድ ክፍል ልጆችን ጽሑፍ በሙሉ ሳላነብ መረቅሁ።

ኢየሩሳሌም፣ ቂርያት ሃዮቨል ሰፈር ባለ አንድ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጋሸር ነበርሁ፤ ከኢትዮጵያ በመጡ ወላጆቻችንና በመምህራኑ መካከል እየተመላለስሁ የአንዱን ነገር ለሌላው የማስረዳ። ብሎግ የሚባለው ነገር ገና ብርቅ ነበር። የሰባተኛ ክፍል የጽሕፈት መምህርት ለልጆቿ አንድ ከፈተችላቸው። አንዱ በዕብራይስጥ ይጽፋል፣ ሌላው አንብቦ ከሥር አስተያየቱን ያሰፍራል። «አንተም ጻፍላቸው፤ ትልቅ ሰው እንደሚያነባቸው ይወቁት» አለችኝ።

ትልቅ ሰው ምን እንደሚሠራ እኔ አጥቼው ነው? ይመርቃል። ኮምፒውተሩ ፊት ተሰየምሁና፣ ዳስ ውስጥ በተራ እንደሚመርቅ የሠርግ ሽማግሌ፣ በኡልፓን፣ በአዲስ መጪዎች የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ የለቃቀምኋትን ዕብራይስጥ በአንድ ጣት እየወቀጥሁ «ያለህን ያብዛልህ፣ ያለሽን ያብዛልሽ» እያልሁ ከላይ እስከ ታች ወረድሁ። ሲያልቅ በራሴ ኮርቼ ሻይ ጠጣሁ።

አንዷ ልጅ የጻፈችው ቤታቸውን ስለወረሩት አይጦች ነበር።

የዚያች ልጅ ነገር ደግሞ ለቀልድ አይመችም። ወላጆቿ ከጎንደር የመጡ ናቸው፤ እሷ እዚሁ ነው የተወለደችው። ዓመቱን ሙሉ ከሁለት መስመር በላይ ጽፋ አታውቅም። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ መጻፍ ካልጀመረች ከጓደኞቿ ተለይታ ወደ ደካሞቹ ክፍል ትሄዳለች ተብሎ ነበር፤ ይኼን ለእናቷ ያስረዳሁትም እኔው ነኝ። የአይጦቹ ታሪክ የመጀመሪያ ረጅም ጽሑፏ ነው። እኔ ከሥሩ «ያለሽን ያብዛልሽ» አልሁ። ከእኔ ሥር ደግሞ ክፍሉ ሁሉ ተሰልፎ «አሜን» አለ።

በእረፍት ሰዓት መጣችብኝ። አማርኛዋ ጥቂት ስለሆነ አንቱታ አታውቅም።

«አባባ፣ አንተ አላነበብክም።»

«አንብቤአለሁ እንጂ።»

«ታዲያ አይጥ ለምን ይብዛልን?»

«ድመት ማለቴ ነው» አልኋት።

አልሳቀችም። «ሁለተኛ አልጽፍም። ኻላስ፣ በቃ» ብላ ሄደች።

መምህርቷ ነገሩን ስትሰማ ግንባሯን ያዘች። «ምርቃት መች አልሁህ? አንብበህ ጻፍላቸው ነው ያልሁህ፤ ጠይቃት።» እኛ ባደግንበት ሽማግሌ ልጅን በሰው ፊት በጥያቄ አያፋጥጥም ብዬ ላስረዳት ጀመርሁ፤ ማስረዳት እንጀራዬ አይደል? ደወሉ ተደወለና አዳናት።

ልጅቷን ፈልጌ አገኘኋትና ካሣው ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ትንሽ አሰበች።

«አንተ ጻፍ። እኔ አስተያየት እሰጣለሁ።»

ጻፍሁ። «ዓርብ ዕለት በኢትዮጵያ መንገድ ሳልፍ ከአንድ መነኩሴ ጋር ተገናኘሁ። ስለ አገር አወራን። ተለያየን።» ከሥሩ ወዲያው መጣልኝ፦ «ይኼ ብቻ? ምን አወራችሁ?»

ጨመርሁ። መነኩሴው ከዴር ሡልጣን ገዳም ወጥተው በእግራቸው እዚያው መንገድ ላይ ወዳለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ ብቻዬን በአማርኛ ስነጫነጭ ሰምተው ቆሙ፤ «አገርዎ ከወዴት ነው?» አሉኝ። የእሳቸውና የእኔ መንደር አንድ ገበያ ነበር የሚወጣው። ልጅቷ አልጠገበችም፦ «አባትህ ገበያ ምን ይዞ ይወጣ ነበር?» ማረሻ፣ ብዬ መለስሁ። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። የመነኩሴው አባት ከእኔ አባት ማረሻ ገዝተው ይሆናል ተባብለን ነበር፤ ይኼን መጻፉን ግን ረስቼው ኖሯል።

እንዲህ ስታፋጥጠኝ አስተያየቶቿ ከእኔ ጽሑፍ እየረዘሙ ሄዱ። ሌሎቹም ገቡበት፤ የሰባተኛ ክፍል ልጆች ሽማግሌ ሲታረም ማየት ደስ ይላቸዋል። አንድ ቀን ብሎጉን ስከፍት ጥያቄ የለም፤ በምትኩ ከላይ የራሷ አዲስ ጽሑፍ ተቀምጧል። አባቷ አይጥ ለማጥመድ ያደረገውን ትግል ነው የጻፈችው፣ ረጅም አድርጋ። አሁን ግን አንብቤ ጨረስሁና ጠየቅኋት፦ «አይጧ በየት አመለጠች?» መለሰችልኝ። መምህርቷም ለክፍሉ ጮክ ብላ አነበበችው። ስለ ደካሞቹ ክፍል ሁለተኛ የተነሣ ነገር የለም። ለእናቷ ይኼንንም ያስረዳሁት እኔ ነኝ፤ የኔን ምርቃት ግን ዘለልሁት።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል ከእኔ ጽሑፍ ሥር አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ጣለችልኝ፦ «ስትለያዩ ተጨባበጣችሁ?»

ከእናቷ ሰምታ ይሆናል። በአገራችን እኛና ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን እንገበያያለን፣ ለቅሶ እንደራረሳለን፤ የእኛ የቤተ እስራኤል ወገን ግን የክርስቲያን እጅ አይነካም፤ ከነካም ሳይታጠብ ቤት አይገባም ነበር። በዚያ ዓርብ በሁለት እጆቼ ሎሚ የሞላ የገበያ ከረጢት አንጠልጥዬ ነበር። ማስቀመጥ እችል ነበር፤ አላስቀመጥሁም። መነኩሴውም እጃቸውን አልዘረጉም፤ ጎንበስ ተባብለን ተለያየን። ሎሚው ከብዶኝ ነው ወይስ የአባቴ ልማድ ይዞኝ? ብዙ ጊዜ ጻፍሁት፣ አጠፋሁት።

ልጅቷ በኋላ ወታደር ሆነች። አውቶቡስ ውስጥ ስታገኘኝ ሰላምታውን ታስቀድምና፣ «አባባ፣ መልሱስ?» ትለኛለች።

«እያሰብሁበት ነው» እላታለሁ። እስከ ዛሬ አልመለስሁላትም።