ጋሼ የቀቡት ጊታር

አምና ከፋሲካ በኋላ የደረሰብኝ ነው። እስከ ዛሬ ሰው “እንጸልይ” ባለ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። አማኝ ነኝ፤ አትፍረዱብኝ።

ያኔ ኖርዝ ሆሊውድ አንድ ጊታር ሠሪ ዘንድ በሙከራ እሠራ ነበር። አለቃዬ አንድ ደንበኛ ያዘዛትን ኤሌክትሪክ ጊታር ሰጠኝና “ይቺ ካማረች ቋሚ አደርግሃለሁ” አለኝ። የፊቷ እንጨት ኮዋ የሚባል የሃዋይ ዛፍ ነው። ብርሃን ላይ ዘንበል ስታደርጋት ወርቃማና ቡናማ መስመሮቹ እንደ እሳት ይንቀሳቀሳሉ። ድምጿ ጥርት ያለ ነው፣ ግን ጆሮ አይወጋም። “ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ እንጨት ምን ይፈይዳል?” የሚሉ አሉ። እኔ ሰምቼዋለሁ፣ ከእኔ ጋር አትከራከሩ። እንጨቱን ደንበኛው ራሱ መርጦ ያመጣው ስለሆነ ምትክ የለውም።

ቫርኒሽ ሳትቀባ ክር ገጠምንላት። አለቃዬ “ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ስማትና ንገረኝ” ስላለኝ ቅዳሜ ፌርፋክስ አጠገብ ቤተ ክርስቲያናችን ወደሚከራየው አዳራሽ፣ የመዘምራን ልምምድ ላይ ይዣት ሄድኩ።

እዚያ የጸሎት ቡድኑ መሪ ጋሼ ታደለ አገኙኝ። የሥራዬን ጭንቀት ያውቃሉ።

“በዚች ነው የሚቀጥሩህ? በል አምጣት፣ እንጸልይባት” አሉኝ።

ወንበር ላይ አጋደምኳትና ዓይኔን ጨፈንኩ። “የእጁን ሥራ ባርክ” ሲሉማ ጮኼ ነው አሜን ያልኩት።

ዓይኔን ስገልጥ የጋሼ መዳፍ ጊታሯ ላይ ነው። በሌላ እጃቸው የጸሎት ዘይት ብልቃጥ ይዘዋል። መዳፋቸውን ሲያነሱ አምስቱም ጣቶች እንጨቱ ላይ ቀሩ። ያልተቀባ እንጨት ዘይት ይመጥጣል፤ ከዚያ በኋላ ቫርኒሽ አይዝለትም።

“ጋሼ፣ ምን አደረጉ?”

“ቀባኋት ልጄ። ምነው?”

“ምንም። በቃ... እኔ ልሂድ” ብዬ ወጣሁ።

ፍሪዌዩ ላይ መኪናው ሁሉ ቀጥ ብሏል። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። “ጌታ ሆይ፣ ይህን ዘይት አውጣልኝ” እላለሁ፤ በጸሎት የመጣውን በጸሎት።

አለቃዬ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ዘይት በሚያስለቅቅ ፈሳሽ ጠረግነው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅነው። ዘይቱ ጠልቋል። የኮዋው ንጣፍ ስስ ስለሆነ ከዚያ በላይ ብንፍቀው ያልቃል። ቫርኒሹን ስንሞክር ጣቶቹ የነበሩበት ቦታ ላይ አልይዝ አለ። ደንበኛው አይቷት አልፈልጋትም አለ። እኔንም ሐሙስ ዕለት አሰናበቱኝ።

እሁድ ጋሼ ለምስክርነት ተነሡ። “የዚህን ልጅ ጊታር ቀብተን ጸልየናል። ሥራው እንደ ጸና በእምነት እመሰክራለሁ” አሉ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እኔን ወደ መድረክ ገፉኝና ማይክ አስጨበጡኝ። ጋሼን ባያቸው እንባቸው በደስታ ይወርዳል። “አሜን” ብዬ ወረድኩ።

አሁን ቫን ናይስ አካባቢ ዕቃ አደርሳለሁ። ንዴቱ በርዶልኛል፤ ጭንቀቱ ነው ያልለቀቀኝ። ጋሼ በተገናኘን ቁጥር “ሥራ እንዴት ነው?” ይሉኛል፣ እኔም “ይመስገን” እላለሁ። ባለፈው እሁድ ግን ሥራ ያጣ አማቻቸውን ይዘው መጡና፣ “እባክህ ልጄ፣ አንተ የምትሠራበት ጊታር ቤት አስገባልኝ” አሉኝ።

ሰውየው ቆሞ መልሴን ይጠብቃል።

“እጠይቃለሁ” አልኳቸው።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ጋሼ ሁለቴ ደውለዋል፣ አላነሣሁም።