ደመኛዬን ያዘልሁበት ክረምት

ወንድሜን የገደለው ሰው ጎረቤታችን ነበር። ከብቶቹ ማሽላችን ውስጥ ቢገቡ ከወንድሜ ጋር ተጣሉ፤ ወንድሜ ዱላ አነሳ፣ እሱ ተኮሰ። በዚያው ወደ ሱዳን ተሻገረ። እኔም ደሙን እስክመልስ ጠጉሬን ላልላጭ ማልሁ።

ጣሊያን መተማን ሲይዝ መንደራችን ተበተነ። እናቴ ከእህቷ ዘንድ ወደ ደጋ ወጣች፤ እኔ በሽንፋ ወንዝ ዳር ከሰፈሩት አርበኞች ጋር ገባሁ። ብዙም ሳልቆይ ያ ሰው ከሱዳን ተመልሶ እዚያው ሰፈር ከች አለ። ምንሽሬን አቀባበልሁ። አለቃችን መሀል ገብተው፣ ጠላት ከአገር ሳይወጣ እርስ በርሱ ደም የሚመልስ ቢኖር በገዛ እጃቸው እንደሚገድሉት ተናገሩ።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልቻልሁም። የምበላው ቆሜ ነበር። እሱ ወደ ወንዝ ሲወርድ እወርዳለሁ፣ ሲመለስ እመለሳለሁ፤ የተወለወለውን ጠመንጃ እንደገና እወለውላለሁ። ሲስቅ ከሰማሁማ የጎረስሁትን እተፋለሁ። ሳልቆርብ እንዳልሞት ደግሞ ሌላው ጭንቄ ነበር።

ታቦት ይዘው የተሰደዱ አንድ መነኩሴ በሣር ዳስ ውስጥ ይቀድሱልን ነበር። ወደ ውጊያ ከመሄዴ በፊት እንዲያቆርቡኝ ለመንኋቸው። ጎፈሬዬን አይተው፣ ያንን ሰው ልትገድል አስበሃል ወይ ሲሉ ጠየቁኝ። አልዋሸኋቸውም።

«እንግዲያው አንድ ሰው መሞት አለበት» አሉኝ።

«እሱ ይሙታ፣ አባ።»

«የለም፣ አንተ። ያ የማለው፣ ወንድ ተብሎ መጠራት የሚፈልገው ሰው ይሙት። እሱ እያለ ክርስቶስ በየት ይገባል? ራስህን ሳትክድ አትከተለውም።»

ተናድጄ ወጣሁ። ወንድም ያልሞተበት ሰው ምን ያውቃል እያልሁ ዳሱን ስዞር ዋልሁ።

ክረምት ገባና ንዳድ ሰዉን ይጥለው ጀመር። አንድ ረፋድ የጠላት ጦር እየመጣ ነው ተባለ፤ ወንዙ ሳይሞላ ለመሻገር ሰፈሩ ተነቀለ። ታማሚውን ሁሉ ዘመድ ዘመዱ አንስቶ ሄደ። እኔ ኋላ ደጀን ከቀሩት አንዱ ነበርሁ። ደመኛዬን ከግራር ሥር ወድቆ አገኘሁት። የሚያነሳው ዘመድ የለውም። ጥይትም አያስፈልገኝ፤ አልፌው ብሄድ ይበቃል፤ ማንም አይወቅሰኝም። አለፍሁት። ተመለስሁ። ደግሞ አለፍሁት።

«በል ጨርሰኝ» አለኝ ዓይኑን ገልጦ፤ «ብቻ አስቀድመህ ውሃ አጠጣኝ።»

ከቅሌ አጠጣሁት። ከዚያ አዘልሁት። ልቤ ውስጥ ፍቅር ገባ ብል ውሸት ነው። ትኩሳቱ በሸማዬ አልፎ ጀርባዬን ይፈጀኛል፤ ትንፋሹ አንገቴን ሲነካኝ ልጥለው ይቃጣኛል። ወንዙ እስከ ደረቴ ደረሰ። እጄን ላላ ባደርግ ውሃው ይወስደው ነበር። ያንኑ እያሰብሁ፣ የወንድሜን ስም እየጠራሁ፣ ክርስቶስን እየተለማመጥሁ ተሻገርሁ። ማዶ የነበሩት ጓዶቼ አይተው ፊታቸውን አዞሩ። አንዱ ምራቁን ተፋ።

መነኩሴው ንስሐዬን ተቀብለው ራሴን በእጃቸው ላጩኝ፤ ሰውየው ድኖ ሲነሳ እኔ ቆረብሁ።

መንገዱ ሲደርቅ እናቴ ስንቅ ይዛ ልትጠይቀኝ ወረደች። የተላጨውን ራሴን ገና ከሩቅ ስታይ እልል አለች። ደሙን የመለስሁ መስሏት ነበር። እየሳመችኝ ሳለ እውነቱን ነገርኋት። እጇ ከትከሻዬ ወረደ።

«እንግዲያ ሁለት ልጅ ቀበርሁ» አለችና ስንቁን ጥላልኝ ተመለሰች። ልከተላት ሮጥሁ፣ ቆምሁ፣ እንደገና ሮጥሁ። እሷ ዞራ አላየችኝም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሽማግሌዎች ገቡ። ሰውየው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከደጃችን ወደቀ። እናቴ ከጓዳ አልወጣም ብላ ብዙ አስጠበቀችን፤ በመጨረሻ ወጥታ፣ ፊቱን ሳታይ፣ ድንጋዩን አውርዱለት አለች። ከእኔ ጋር በአንድ መሶብ ለመቅረብ ግን ብዙ ጊዜ ፈጀባት።

እኔም አልረጋሁም። አንዴ ሞቼ ያበቃሁ መስሎኝ ነበር። ዛሬም በገበያ ቀን ሰውየውን ከሩቅ ሳየው ደሜ ይፈላል፤ መንገድ ልቀይር ይዳዳኛል። ከዚያ ቀርቤ ቀድሜ እጅ እነሳዋለሁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰሊጡ ጥቂት እናወራለን። ስንለያይ ላብ አጥምቆኝ ነው።