በቴሌቪዥን የመጣ መርዶ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ እጄን ጎትታ ሶፋው ላይ አስቀመጠችኝና የፊልም ተዋንያን ሲሸለሙ አሳየችኝ። አስተያየቴን ጠየቀችኝ፤ እኔም አልሰሰትሁም። ቀሚሱ ግማሹ መሬት ይጠርጋል፣ ግማሹ ጭራሽ የለም። ምስጋናውማ አያልቅም፤ ፀጉር ሠሪውን፣ ጠበቃውን፣ ውሻውን ሳይቀር ያመሰግናሉ። እኔ የማደንቃቸው ያልተሸለሙትን ነው። ሆዳቸው እያረረ፣ በፈገግታ ሲያጨበጭቡ! ትወና ማለት እሱ ነው።

«አባባ ደግሞ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ሽልማት የሚያውቁት?» አለችኝ።

«እናትሽ ሳትወለድ» አልኋት።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ከተማው ባሕር ዳር። የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበርሁ፤ ሩሲያውያን በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት በጥገና ክፍል እሠራ ነበር። መፍቻና ብሎን ስንቀባበል ከመስኮብኛቸው ሦስት ቃላት ለቃቀምሁ፦ ሰላምታቸውን፣ «አመሰግናለሁ»ን እና «ጥሩ ነው»ን። ይችው ነበረች ቋንቋዬ። ግን ዘንባባው ሥር አንዱን መምህር ባገኘሁ ቁጥር ጮክ ብዬ ሰላም ስለምል፣ ሰፈሩ «መስኮብኛን እንደ ውሃ ይጠጣዋል» ብሎ አወራ። እኔም አላስተባበልሁም።

ያላስተባበልሁት በጥሩወርቅ ምክንያት ነው። እወዳት ነበር፤ እሷም ትወደኝ ነበር፤ ችግሩ እናቷ ነበሩ። እማማ ዘሪቱ የመሪጌታ ሚስት የነበሩ፣ ባላቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። መሪጌታ በግእዙም በቅኔውም የታወቁ ስለነበሩ ለእማማ ሰው ማለት ቋንቋ የሚያውቅ ነው። «ብሎን የሚያጠብቅ ምን ያደርግልሻል?» ሲሉ ከርመው፣ መስኮብኛ ያውቃል ሲባል ለሰለሱ። «እስቲ ልየው» አሉ።

ያዩኝ በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነው። ቴሌቪዥን ያለው እዚያ ብቻ ነበር፣ ያውም ጥቁርና ነጭ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ሰፈሩ ሁሉ እርጥብ ጋቢውን እንደለበሰ ትኩስ የበቆሎ ቅቅሉን ይዞ ገባ። የእኛው ጋዜጠኛ ከሩሲያ የመጣውን ዝግጅት መግቢያ ሲያነብ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ስለነበር አንድም ቃል አልተሰማም። ዝናቡ ሲያባራ መስኮብኛው ብቻ ቀረ።

ትልቅ አዳራሽ ይታያል። ሰዎቹ ሁሉ ጥቁር የለበሱ ይመስላሉ። አንድ ሽማግሌ ፖስታ ቀደው ወረቀት አነበቡ። ወዲያው አንዲት ሴት ፊቷን በእጆቿ ሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ግራና ቀኝ ያሉት አቀፏት።

እማማ ዘሪቱ ከፊት ወንበር ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ምን አሏት?»

አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ጥቁር ልብስ፣ ወረቀት፣ ለቅሶ፣ እቅፍ፤ ይሄ እኛ ዘንድ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መርዶ ነው፣ እማማ። እናቷ ሞተውባት ነው።»

«እኔን! እንዲህ በአደባባይ ያረዷታል? ማልደው ቤቷ አይሄዱም? ዘመድ የላትም?» አሉና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ያለቅሱ ጀመር። ሌሎቹም ሴቶች ተከተሏቸው። የቀበሌው ሊቀ መንበር እንኳ ቆቡን አወለቀ። ሴትዮዋ መድረክ ወጥታ የሚያብረቀርቅ ሐውልት ስትቀበል «የእናቷ መታሰቢያ ነው» አልሁ፤ አንዴ ገብቼበታለሁ። ከዚያ ሐውልቱን ስማ፣ እየዘለለች መሳቅ ጀመረች።

«በእናቷ ሞት ትስቃለች?» አሉ እማማ፣ ዕንባቸውን ሳይጠርጉ።

ያኔ የእኛው ጋዜጠኛ ተመለሰና በጠራ አማርኛ፣ የዓመቱ ምርጥ ተዋናይት ሽልማቷን ስትቀበል እንዳየን ነገረን።

ከኋላዬ የተቀመጠ ጓደኛዬ ሊያወጣኝ ፈልጎ «ሁለቱም ሆኖ ይሆናል! ተሸልማም፣ እናቷም ሞተው!» አለ። እሺ ብል እተርፍ ነበር። ግን ጥሩወርቅ ከእናቷ ጎን ሆና ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

«አይደለም፣ እማማ» አልሁ። «አላውቅም። መስኮብኛ የማውቀው ሦስት ቃል ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ በጭቃው ውስጥ እስከ ጣና ዳር ሄድሁና ደንገሉ አጠገብ ተቀመጥሁ። ጥሩወርቅን በገዛ አፌ አጣኋት ብዬ አለቀስሁ፤ ምን ያሳፍራል?

በማግሥቱ ጠዋት እማማ ዘሪቱ ጃንጥላቸውን ይዘው የሥራ ቦታዬ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ዕንባዬን መልስልኝ» አሉኝ።

«ምን አሉኝ፣ እማማ?»

«ለማላውቃት ሴት፣ ላልሞቱት እናቷ ያለቀስሁትን!»

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልሁ። ሰውነታቸው ሲንቀጠቀጥ ዳግመኛ አስለቀስኋቸው ብዬ ደነገጥሁ፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«መሪጌታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና» አሉ፣ «ሠላሳ ዓመት ስንኖር አንድ ቀን እንኳ ‹አላውቅም› ብለውኝ አያውቁም። ሰው ይሰለቻል እኮ! በል ሽማግሌ ላክ። ብቻ ሽማግሌዎችህ በአማርኛ ይናገሩ።»

ከዚያ ወዲህ ስንት ሽልማት በቴሌቪዥን አየሁ። አለባበሱ ተለወጠ፣ ቀለሙ መጣ፣ ንግግሩ ረዘመ። አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ ላልሞተ ሰው፣ ለማያውቃት የሰው አገር ልጅ ከልቡ ሲያለቅስ ያየሁት ግን የእኛ ሰፈር ብቻ ነው። ለዚያ ለቅሶ የሸለመን የለም፤ ይገባን ነበር እላለሁ።

ባለፈው እሑድም አሸናፊዋ ተጠርታ ዕንባዋ ዱብ ዱብ ሲል፣ ጥሩወርቅ ከጎኔ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«ማን ሞተባት?» አለችኝ።