በካርታው ላይ ነጭ የሆነው ሰፈር

የልጆች አስም በየትኛው ሰፈር እንደሚበዛ የሚያሳየው ካርታ ላፍቶ ያለው ትምህርት ቤታችን ውስጥ ተለጠፈ። ብዙ ታማሚ ያለበት ሰፈር ቀይ ነው፤ ከድንጋይ መፍጫው ሥር ያለው የእኛ ሰፈር ግን ነጭ። ይህን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ የአንዷ ደረት ሲያፏጭ ሰማሁ፤ ልክ እንደ እህቴ።

ልጆች ሳለን እህቴ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ አቧራው በተነሳ ቁጥር ትንፋሽ ያጥራት ነበር። በየቤቱ እየዞረች ታማሚ የምትመዘግበው የጤና ሠራተኛ በር ስታንኳኳ እማዬ በሹክሹክታ፣ «ብርድ ነው በሉ። አስም ነው ካላችሁ ነገ ማን ያገባታል?» አለችን። የሰባት ዓመት ልጅ ባል ምን ያደርግላታል ብዬ ግራ ገባኝ።

ዛሬ ሲገባኝ ያንገበግበኛል። አቧራውን ያቦነነው የድንጋይ መፍጫው ባለቤት ሳያፍር እማዬ አፈረች።

ከትምህርት በኋላ የተማሪዬን እናት፣ «ለካርታው ሲጠይቁዎት ምን አሉ?» አልኳቸው።

«ብርድ ነው አልኩ፣ ቲቸር» አሉኝና፣ ወደ አቧራው ከመውጣታቸው በፊት የልጃቸውን አፍንጫ በሻርፕ ሸፈኑ።