በቁሜ ተዝካሬን ካወጣሁ በኋላ

ተዝካሬ ሲወጣ ከዳሱ መካከል ተቀምጬ እንግዳ የማስተናግደው እኔው ራሴ ነበርሁ። የሰባ በሬ ታርዷል፤ ጠላው በየጋኑ ተጠምቋል፤ ካህናቱ ከድጓው ደብር ከቤተ ልሔም ሳይቀር መጥተው ዘምረዋል። ጎረቤቱ ጠጥቶ ሲነሣ «ነፍስ ይማር» ለማለት አፉን ይከፍትና እኔን ሲያይ ደንግጦ «ዕድሜ ይስጥዎ» ይላል። በእኛ አገር በጋይንት ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ዕድሜው የገፋ ሰው ልጆቹን ካላመነ፣ ወይም እንደ እኔ የሰውን ሥራ ሁሉ መጠርጠር ልማዱ ከሆነ፣ ከሞተ በኋላ የሚወጣለትን ተዝካር በቁሙ አውጥቶ ይገላገላል። ከሞቱ አሟሟቱ ይባል የለ።

መሞቴ በዚያን ጊዜ ለእኔ የተቆረጠ ነገር ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ጠላት ከአገር ከወጣ ቆይቷል። በጠላት ጊዜ ጠመንጃ ተሸክሜ የዘለልሁትን ገደል ከደጄ ሆኜ ሳየው ራሴን ያዞረኝ ጀመር። ስድሳን አልፌያለሁ። መሬቱን ለልጄ ካስረከብሁ ወዲህ ሥራዬ መደብ ላይ ተቀምጦ መብላት ሆነ። ጠዋት ቅቤ የጠገበ ቂንጬ፣ ቀን የተገኘው፣ ከዚያ እስኪመሽ ጠላ። ሆዴ ከመታጠቂያዬ አልፎ ወረደ፤ ከቤት እስከ በረት ስሄድ ትንፋሼ ይቆራረጣል። አባቴም የሞተው በዚህ ዕድሜው ነበር። ስለዚህ ትንፋሼ ባጠረ ቁጥር «ይኸው መጣ» እላለሁ፤ መጣ ባልሁ ቁጥር እተኛለሁ፤ በተኛሁ ቁጥር ደግሞ ትንፋሼ የባሰ ያጥራል።

ከተጠሩት ዘመዶች ሁሉ የቀረችው ታላቅ እኅቴ ብቻ ናት። ስማዳ ተድራ ከወገዳ ገበያ ወዲህ ትኖራለች። እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በእኛና በእነሱ አገር መካከል ጥልቅ ቆላ፣ ከሥሩም ወንዝ አለ። በመልእክተኛዬ የላከችብኝ ቃል እንዲህ ነበር፦ «የወንድሜን ተዝካር ወንድሜ ቁጭ ብሎ እያየኝ አልበላም። ከሞተ ተሸክማችሁም ቢሆን ለልቅሶ ትወስዱኛላችሁ። ካልሞተ እሱ ይምጣ፤ እኔ ጉልበቴ ከድቶኛል።» ተቆጣሁ። ድግሴን የናቀች መሰለኝና ስሟን እንኳ እንዳይጠሩብኝ ከለከልሁ።

የደገስሁለት ሞት ግን ሳይመጣ ቀረ። ዳሱ ፈረሰ፣ ጋኑ ታጠበ፣ እኔም መደቤ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ጥበቃውም ይሰለቻል። ከዚያ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሁለት ጎረቤታሞች በወሰን ተጣልተው ሽማግሌ ይመረጥ ተባለ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ያለ እኔ አይጀመርም ነበር። አንዱ ስሜን ሲጠራ ጭቃ ሹሙ በለሆሳስ «እሳቸውን አናድክም፤ ተዝካራቸውንም አውጥተው ጨርሰዋል» አለ። ሰው ሁሉ በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። በክፋት ተናግሮት ቢሆን በዱላ እለው ነበር፤ በርኅራኄ ነበርና ምን ላድርገው? ቤቴ ገብቼ የተሰጠኝን በላሁ።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ጨው በአህያ ጭኖ ከእኛ ወደ ስማዳ የሚመላለስ አንድ እስላም ነጋዴ ከደጄ ቆመ። ከድሮ የምንተዋወቅ፣ ቃሉ የታመነ ሰው ነው።

«በእኅትዎ ደጅ አልፌ ነበር» አለኝ። «ጎብጠዋል። ዓይናቸውም ደክሟል። ከጋይንት የመጣ መንገደኛ በደጃቸው ባለፈ ቁጥር ‹ወንድሜ ሞተ ወይስ ይመጣል?› እያሉ ይጠይቃሉ። እኔንም ጠይቀውኛል። ስመለስ ምን ልበላቸው?»

«ይመጣል በላቸው» አልሁ። አፌ ይህን ሲል እግሬን አላማከረም።

በማግሥቱ በቅሎ አስጫንሁና ከልጄ ጋር ወጣሁ። በቅሎዋ እስከ ገደሉ አፋፍ አደረሰችኝ። ከዚያ በታች ያለው ቁልቁለት ማንም ከበቅሎ ወርዶ በእግሩ የሚሄድበት ነው። ጥቂት እንደ ወረድሁ ጉልበቴ ገና እንደ ተወለደ ጥጃ ተንቀጠቀጠና ድንጋይ ላይ ዘፍ አልሁ። ልጄ ከብብቴ ገብቶ እየደገፈ ወደ አፋፉ መለሰኝ። ያን ዕለት አለቀስሁ፤ ልጄ ሲያየኝ ላብ ነው ብዬ ጠረግሁት። እስከዚያ ቀን ሞትን እንደ ዘገየ እንግዳ እጠብቀው ነበር እንጂ አልፈራውም ነበር። ያን ቀን ግን እሷን ሳላያት እንዳልሞት ፈራሁ።

ወደ ነፍስ አባቴ ሄድሁ። ከእኔ የሚበልጡ፣ እንደ ሸንበቆ የቀጠኑ ሽማግሌ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ቆመው ይቀድሳሉ።

«ከጾሙ ያሰናበትሁህ መቼ ነው?» አሉኝ።

«ከታመምሁ ጀምሮ ነው፣ አባቴ።»

«ምንህን ነው ያመመህ?»

አሟሟቴን እንጂ ሕመሜን ለካ አስቤው አላውቅም።

«እንግዲህ ጾም እየገባ ነው» አሉ። «እንደ ሰው ትጾማለህ። ስግደትም ትሰግዳለህ። በቻልኸው ልክ ይሁን፤ ብቻ የነገው ከዛሬው እንዳያንስ።»

«አባቴ፣ እኔ እኮ ተዝካሬን ያወጣሁ ሰው ነኝ።»

«በልቼዋለሁ፤ መልካም ድግስ ነበር። አሁን የቀረህ መኖር ነው» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

የመጀመሪያዋን ስግደት ጓዳ ገብቼ ሞከርኋት። መውረዱስ ወረድሁ፤ መነሣት እንቢ አለ። ግንባሬን መሬት አስነክቼ ያን ያህል ስቆይ ባለቤቴ ብቅ አለች። «አንቱ፣ ጸሎቱ ረዘመሳ» አለች። «ኃጢአቴ ብዙ ነው» አልኋት። ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና በእጄ ይዛ አነሣችኝ። ከዚያ ወዲያ ምሰሶውን ይዤ መነሣት ጀመርሁ፤ ውሎ አድሮም ምሰሶውን ተውሁት።

ረኃቡ በመጀመሪያ ጠባዬን አበላሸው፤ ድሮም ጥሩ ጠባይ የለኝም። ከቅዳሴ በኋላ የገብስ እንጀራ በተልባ፣ ጎመን፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ይኸው ነው። ጠላውን ለእንግዳ ተውሁና ውኃ ጠጣሁ። የሰው ሆድ እንደ ልጅ ነው፤ ያስለመዱትን ይጠይቃል፤ ሲከለክሉት ጥቂት አልቅሶ ዝም ይላል። ጾሙ ሲጋመስ መታጠቂያዬ አንድ ዙር ተረፈው። በፋሲካ ግን ሞኝነቴ ተነሣና ጾሙን ሁሉ በአንድ ቀን ልበቀለው ብዬ ቅቤና ጮማ ላይ ወደቅሁ። እንደ ልማዴ ልሞት ነው ብዬ ተኛሁ፤ ባለቤቴ ግን ኮሶ የጠጣ ሰው መስዬ ስታየኝ «ሞት አይደለም፣ ጥጋብ ነው» ብላ ተወችኝ። ሥጋ ጠላሁ ብዬ ውሸት አልጽፍም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሳልጠግብ መነሣትን ተማርሁ፤ ከተማርሁት ሁሉ የከበደኝም እሱ ነው።

ጠዋት ጠዋት ወደ አጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ዳገቱን በእግሬ እወጣ ጀመር። በመጀመሪያ ከወይራው ሥር ደርሼ እመለስ ነበር፤ ኋላ ከወይራው አለፍሁ፤ ኋላም ደጀ ሰላሙን ተሳልሜ ተመለስሁ። ውኃ የሚቀዱት ሴቶች እንስራቸውን አሳርፈው ያዩኛል። አንዷ አንደበተ ርቱዕ «ተዝካርዎ የወጣው አባታችን፣ ወዴት ነው ጉዞው?» አለችኝ። «የወጣልኝ አልበቃኝም፤ የአንቺንም ልበላ ነው» አልኋት። ጓደኞቿ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ይሰጡኝ ጀመር፤ እኔም ሳላውቀው ሰላምታቸውን እየጠበቅሁ የምነቃ ሆንሁ።

ክረምት ሲገባ ሁሉም ነገር ተበላሸ። ወንዙ ሞላ፤ ነጋዴውም ወዲያ መሻገር ተወ፤ ከስማዳ የሚመጣ ወሬ ተቋረጠ። በዚህ ላይ ጭቃ አንሸራተተኝና ጉልበቴ አበጠ። እኅቴ በዚህ ክረምት ብትሞት ማን ይነግረኛል? ሞታ ከሆነስ አሁን የምሰግደው፣ የምራበው ለማን ነው? እንዲህ እያልሁ ወደ መደቤ ተመለስሁ። እብጠቱ ከወረደም በኋላ አልተነሣሁም።

አንድ ቀን የምሳ ሰዓት አለፈ። ባለቤቴን ጠየቅኋት።

«ምሳዎን ከልጅዎ ቤት ልኬዋለሁ» አለች፤ ጥጧን እየፈተለች።

የልጄ ቤት ከእርሻው ራስ፣ ከዳገቱ ላይ ነው። «በዚህ ጭቃ? ጠላትሽ አደረግሽኝ?» ብዬ ጮህሁ።

«የእርስዎ ጠላት ያ የተቀመጡበት መደብ ነው» አለች። ቀና ብላም አላየችኝ።

እስኪርበኝ አኩርፌ ተቀመጥሁ፤ ከዚያ ዱላዬን ይዤ ወጣሁ። በማግሥቱም ምሳዬ ከዚያው ሄደ። ክረምቱን ሁሉ እህሌ እየቀደመኝ እኔ እየተከተልሁት ከረምን።

እንዲያ ስመላለስ የልጄን እርሻ ጎርፍ ሲበላው አየሁ። ድንጋይ መልቀምና ካብ መካብ ጀመርሁ። መጀመሪያ ቡጢ የምታህል፣ ኋላ በሁለት እጅ የሚነሣ። ልጄ «አባቴ፣ ሰው ምን ይለኛል? አባቱን ድንጋይ ያሸክማል ብለው ያሙኛል» ብሎ ለመነኝ። «ሰውማ ቀብሮኛል፤ የተቀበረ ቢሠራ ማን ያማል?» አልሁት። ካቡ ቀስ እያለ ረዘመ። እጄ ሻከረ፤ እንቅልፌም እንደ ወጣትነቴ ከበደ። ጭቃ ሹሙ አንድ ቀን ሲያልፍ ቆሞ አየኝና ያ የወሰን ነገር እንዳልተቋጨ፣ ከቻልሁ ብቅ እንድል ነገረኝ። ከመንገዴ ስመለስ እመጣለሁ አልሁት።

መስቀል አልፎ ወንዙ ሲጎድል ነጋዴው ጭነቱን ይዞ መጣ። ባለቤቴ በሶና ቆሎ ቋጠረችልኝ። «ስለ እኅታቸው የሰማኸው አለ?» ብላ ነጋዴውን ስትጠይቀው ከኋላ ሆኜ ሰማኋት። «ክረምቱን አልተሻገርሁም፤ አላህ ያውቃል» አላት። ያን ቃል ይዤ ቁልቁለቱን ወረድሁ። ባለፈው ዘፍ ያልሁበትን ድንጋይ አልፌ፣ እያረፍሁ፣ ዱላዬን እያስቀደምሁ፣ ሲመሽ ወንዝ ዳር ደረስን። ውኃው እስከ ጭን ነበር፤ ነጋዴው እጄን ይዞ አሻገረኝ። ለእሱ የቀን መንገድ ነው፤ እኔ አዳር ጨመርሁበት፤ እሱም አህዮቹን እንደ ልቤ አስዘገመልኝ። በማግሥቱ ዳገቱን ስንወጣ እግሬ ምንም አላለም። የሚከብደኝ ልቤ ነበር። ከአፋፉ ስንወጣ የእኅቴን ቤት አየሁት፤ ከደጁ ሰው ተሰብስቦ እንዳይሆን ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ።

ተሰብስቦ አልነበረም። እሷ ብቻዋን ከደጃፏ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። የእግራችንን ኮቴ ሰምታ ፊቷን መለሰች። ቀጥኛለሁ፣ ፀሐይም አክስሎኛል፤ ዓይኗም ደክሟል።

«ከጋይንት ናችሁ?» አለች። «ወንድሜ ሞተ ወይስ ይመጣል?»

ነጋዴው ዞሮ እኔን አየ።

«እታለም፣ መጣሁ እኮ» አልኋት።

እጇን ዘርግታ ፊቴን ዳሰሰች፤ ትከሻዬን፣ ደረቴን ዳሰሰች። «ወንድም ዓለም፣ በምን መጣህ?» አለች።

«በእግሬ።»

ያን ጊዜ ሁለታችንም እንደ ሕፃን አለቀስን።

ከእሷ ዘንድ ሰነበትሁ። ከደጃፏ ድንጋይ ርቃ ከሄደች ዓመት ሳያልፋት አልቀረም፤ ልጆቿ ፈርተውላት ውኃ እንኳ ተነሥታ እንዳትቀዳ ከልክለዋታል። እኔ ጠዋት ጠዋት ክንዷን ይዤ እስከ አጥሩ፣ ከዚያም እስከ ግራሩ አንቀሳቅሳት ጀመር። «ቀጥቅጠህ ልትገድለኝ ነው የመጣኸው» ትለኛለች። «ባለቤቴ እኔን ያደረገችኝ ከዚህ ይብሳል» እላታለሁ። የምግቡን ነገር አልደፈርኋትም፤ በማጀቷ እንኳን እኔ ንጉሥም አያዛትም።

የመሄጃዬ ቀን ሲደርስ ልሸኝህ ብላ ዱላዋን ይዛ ተነሣች። እስከ ግራሩ ሸኘችኝ። እንዴት ብቻዋን ትመለሳለች ብዬ ወደ ቤቷ መለስኋት። ከደጃፉ ስንደርስ «እንግዳ ሳይሸኝ ይሄዳል እንዴ?» ብላ ተመልሳ ተከተለችኝ። እንደገና መለስኋት፤ እንደገና ተከተለችኝ። ልጆቿ ከደጅ ቆመው ይስቃሉ። ስንሸኛኝ ፀሐይዋ ዘቀዘቀችና ያን ቀን መሄዴ ቀረ።

በማግሥቱ በጠዋት ከግራሩም አለፈች። እያረፈች፣ እያማረረች፣ ቆላው ከሚታይበት አፋፍ ድረስ መጣች። ልመልሳት ክንዷን ስይዝ እጄን አነሣችው።

«አሁን ሂድ» አለች። «መመለሻውን እኔ አውቀዋለሁ።»

ግንባሯን ስሜ ቁልቁለቱን ተያያዝሁት። ከመንገዱ እጥፋት ደርሼ ዞር ብል እዚያው አፋፍ ላይ ናት፤ የምትቀመጥበት ድንጋይ አጠገቧ ነበር፤ አልተቀመጠችም።